የተከፈተ መዝገብ፣ የተዘጋ በር፦ ከብሪታንያውያን ኑሮ ምን እንማራለን?



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ ምዕራባውያን ኑሮ ወሬ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «የኢስላምን ፍትሕ በተግባር ማየት ከፈለግህ አውሮፓ ሂድ፤ እዚያ ድሃ አይራብም፣ በሽተኛም ገንዘብ የለህም ተብሎ ከሐኪም ቤት ደጃፍ አይመለስም» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «እናታቸውን መጦሪያ ቤት ጥለው ውሻ አቅፈው ከሚተኙ ሰዎች ምን ይገኛል?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ለረጅም ጊዜ የሁለተኛው ወገን ሰው ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ሄጄ በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ አንድ ዓመት ስቀመጥ ግን ሁለቱም ንግግሮች ግማሽ እውነት መሆናቸውን ተረዳሁ። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይበልጥ ሰውን ያሳስታል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ፣ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን ወደ ማጓደል እንዳይገፋፋን አስጠንቅቆናል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የብሪታንያን ሕዝብ ለማወደስም ሆነ ለማጥላላት አልተነሳሁም። የሠሩትን እንደ ሠሩት፣ የጎደላቸውንም እንደ ጎደላቸው አስቀምጬ ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት ለመፈለግ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ግድግዳ እንጂ በር የማይጋሩ ጎረቤቶች

በሊድስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሕዝብ የሚኖርባቸው ብዙ ሰፈሮች በቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ረጃጅም የቤት ረድፎች ናቸው። የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ለሌላው ይሰማል። ይሁን እንጂ ግድግዳ የተጋሩት ሰዎች በር አይጋሩም። ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። «ኑ ቡና ጠጡ» ብሎ ከደጅ መጥራት የለም። ጎረቤታሞች በር ላይ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ አየሩ ነው፤ «ዛሬስ ቀዝቅዟል»፣ «ነገ ይዘንባል አሉ» ተባብለው ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ ወሬ ያጡ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ይህ የአየር ወሬ የእነርሱ ሰላምታ መሆኑ ገባኝ። እኛ «እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ቤተሰብ ደህና» እያልን እንደምናስረዝመው ማለት ነው።

በአደባባይ ያላቸው ሥርዓት ግን ያስቀናል። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ቢኖሩ እንኳ ማን ቀድሞ እንደመጣ ሦስቱም ያውቁታል። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሹፌሩን አመስግኖ ይወርዳል። እግሩን የረገጥከው ሰው ቀድሞህ ይቅርታ ይጠይቅሃል። የዮርክሻየር ባለሱቆች የማያውቁትን ደንበኛ «ላቭ» ብለው ይጠሩታል፤ የእኛ እናቶች «ሆዴ» እንደሚሉት ነው። ተራ መጠበቅ ትንሽ ነገር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ተራ የደካማ ሰው ሐቅ ነው፤ ተራ በሌለበት ሁልጊዜ የሚቀድመው ጉልበተኛው ነው። እኛ በሶፍ ተሰልፈን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደን ስናበቃ ጫማችንን ለማንሳት በር ላይ የምንጋፋ ሰዎች መሆናችንን ሳስበው አፍር ነበር።

ከድሆች ማጎሪያ እስከ 1948

ብዙዎቻችን የብሪታንያ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ከሀብት ብዛት የተገኘ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በ1601 በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን በወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪው ግብር እየሰበሰበ የራሱን ድሆች እንዲረዳ ታዘዘ። በ1834 ደግሞ ሕጉ እጅግ ከበደ። ርዳታ የሚፈልግ ጤነኛ ድሃ ወደ ማጎሪያ ቤት እንዲገባ ይደረግ ጀመር። እዚያ ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጆቿ ተለያይተው ይኖራሉ። ኑሮውም ውጭ ካለው የመጨረሻ ድሃ ሠራተኛ ኑሮ የባሰ እንዲሆን ሆን ተብሎ የተደነገገ ነበር፤ ዓላማው ድሃው ፈርቶ እንዳይመጣ ነው። ስለሆነም የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ከሞት ይልቅ በማጎሪያ ቤት መሞትን ይፈሩ ነበር።

ለውጡ ቀስ በቀስ መጣ። በ1908 በወጣው ሕግ መሠረት ከጥር 1909 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 የሞላ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ የእርጅና አበል ማግኘት ጀመሩ። በ1911 ለሠራተኛው የሕመምና የሥራ አጥነት ዋስትና ተጀመረ። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942 መጨረሻ፣ ዊልያም ቤቨሪጅ የተባሉ ምሁር አንድ ሪፖርት አወጡ። ሀገሪቱ አምስት ጠላቶች እንዳሉባት ዘረዘሩ፦ ችጋር፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የመኖሪያ ጉስቁልናና ሥራ አጥነት። ይህ ደረቅ የመንግሥት ሪፖርት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ከጦርነቱ በኋላ በክሌመንት አትሊ የሚመራው የሌበር መንግሥት ሥልጣን ያዘ። የጤና ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን ከዌልስ የተገኙ፣ በልጅነታቸው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሠሩ ሰው ነበሩ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። በዚያው ቀን የብሔራዊ መድኅንና የብሔራዊ ርዳታ ሕጎችም ሥራ ላይ ውለው የድሮው የድሆች ሕግ አበቃ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ያን ጊዜ ብሪታንያ በጦርነት የደቀቀች፣ በዕዳ የተዘፈቀች ሀገር ነበረች። ምግብ በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ ጨርሶ ያበቃውም በ1954 ነው። ስለዚህ «እኛ ድሆች ነን፣ ሀብታም ስንሆን እንረዳዳለን» ለሚል ሰው ይህ ታሪክ መልስ አለው። ሥርዓቱን የሠሩት ዳቦ በካርድ ሲገዙ ነው።

ፍትሕ የጎደለውንም መናገር ነውና ይህንም እጨምራለሁ። የቤቨሪጅ ሪፖርት በወጣ በዓመቱ፣ በ1943፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ቤንጋል በደረሰው ረሃብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አልቋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ለንደን ላይ ስለ ችጋር ማጥፋት ሲነገር ካልካታ ጎዳና ላይ ሰው ይወድቅ ነበር። የዚያ እዝነት ድንበር የሀገራቸው ባሕር ነበረ ማለት ነው። አላህ ያሳያችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብሔራዊው የጤና አገልግሎት በእግሩ እንዲቆም ካደረጉት ሐኪሞች መካከል ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡት ብዙ ነበሩ።

ከልደት እስከ ቀብር

ሥርዓቱ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። ልጅ ሲወለድ ለወላጆቹ የልጅ አበል ይከፈላል። ይህ አበል በ1946 ሲጀመር ከሁለተኛው ልጅ አንስቶ ነበር፤ ከ1977 ወዲህ ለመጀመሪያውም ልጅ ሆነ፤ ዛሬ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ወላጆች በግብር መልክ ይመልሱታል። ነዋሪው በሰፈሩ ባለ ክሊኒክ ይመዘገባል፤ ሲያመው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ሆስፒታል ቢያስፈልገው ከዚያ ይላካል። ለሐኪሙም ሆነ ለቀዶ ጥገናው በር ላይ ሒሳብ አይጠየቅም። በእንግሊዝ ለሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የተወሰነ ክፍያ አለ፤ ሕፃናትና ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ግን አይከፍሉም። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ለሁሉም ነጻ ነው።

«ነጻ» ሲባል ገንዘቡ ከሰማይ ይወርዳል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ግብርና የብሔራዊ መድኅን መዋጮ ይቆረጥበታል። ጤነኛ ሳለ ይከፍላል፣ ሲታመም ይታከማል። እኔም እንደ ማንኛውም የውጭ ተማሪ ቪዛ ሳወጣ ለጤና አገልግሎቱ የተወሰነውን ክፍያ አስቀድሜ ከፍያለሁ። ከሌላው የመንግሥት ድጎማ ግን እንደማልካፈል በቪዛዬ ላይ ተጽፎ ነበር። መዝገቡ ለተመዘገበው ነው፤ መንገደኛ በውስጡ የለም።

ሰው ሲያረጅ ጡረታ አለው፤ በአውቶቡስ በነጻ ይሳፈራል። መቶ ዓመት ለሞላው አዛውንት ከንጉሡ የመልካም ምኞት ካርድ ይላክለታል። ከሁሉ ያስገረመኝ የቀብሩ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሞቶ የሚቀብረው ሲጠፋ፣ የማስቀበሩ ግዴታ በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት የአካባቢው አስተዳደር ነው። በእኛ ሀገር ይህን የሚሠራው ዕድርና የወሎው ቅሬ ነው። እኛ ጎረቤትን ለመቅበር ማኅበር አቋቋምን፤ እነርሱ ጎረቤት የሌለውን ለመቅበር ሕግ አወጡ።

ከኮረም የደረሰው ምስል

ሁሉም ነገር በመንግሥት እጅ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። በ1824 የተቋቋመው የሕይወት አድን ጀልባዎች ድርጅት እስከ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ነው። ዓሣ አጥማጁና ባለሱቁ እኩለ ሌሊት ሲጠሩ ተነስተው ማዕበል ውስጥ ይገባሉ። ደም የሚለግሰው ሰው ገንዘብ አይከፈለውም። በየከተማው ያሉት የበጎ አድራጎት ሱቆች ሕዝቡ የሰጣቸውን ልብስ፣ መጽሐፍና ሳህን እየሸጡ ገቢውን ለርዳታ ያውላሉ። ኦክስፋም በ1942 በኦክስፎርድ ከተማ የተመሠረተ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከ1853 ጀምሮ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠር ኮሚሽን አለ። ማንም ሰው የአንድን የተመዘገበ ድርጅት ሒሳብ ጠይቆ ማየት ይችላል። ይህ ከላይ ስለ መዝገብ ካነሳሁት ነገር ጋር አንድ ነው፤ የሰጪው አማና በጽሑፍ ይጠበቃል።

የዚህ ሕዝብ ቸርነት እኛም ዘንድ ደርሷል። ጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያቀረበው ዜና የብሪታንያን ሕዝብ አስለቀሰ። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው ሙስሊም ሙሐመድ አሚን ነበር። ይህ ሰው በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። አላህ ይዘንለት። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደን ውስጥ በዌምብሌይ ስታዲየም የተደረገው ኮንሰርት፣ የሙዚቃውን ጉዳይ ትተን፣ ያንኑ ምስል ያየ ሕዝብ እጁን ወደ ኪሱ የከተተበት ቀን ነበር። በዚያው በ1984 ግብፃዊው ሐኪም ሃኒ አል-በና በበርሚንግሃም ኢስላሚክ ሪሊፍን መሠረቱ። በአፍሪካ የደረሰው ረሃብ ያንቀሳቀሳቸው ሙስሊሞች ዘካቸውን የብሪታንያ ሕግ በሚጠይቀው የሒሳብ ሥርዓት አስገብተው ዓለም አቀፍ ድርጅት አደረጉት። በ2021 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 3.9 ሚሊዮን ያህል ሙስሊሞች ተቆጥረዋል፤ ከሕዝቡ 6.5 በመቶ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ያየኋቸው መስጊዶች ብዙዎቹ የሚገባውንና የሚወጣውን ገንዘብ በወረቀት ለጥፈው ለሰጋጁ ያሳያሉ።

ከግድግዳው ማዶ

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ።

ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ ሰማንያዎቹን ያጋመሱ እንግሊዛዊ አዛውንት ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ርቃ ነው የምትኖረው። ከእኔ ጋር የነበራቸው ንግግር ስለ አየሩ ብቻ ነበር። በእነርሱ ሀገር ቆሻሻ የሚነሳው በተወሰነ ቀን ነው፤ ነዋሪው ጎማ ያለውን ትልቅ ማጠራቀሚያ ጠዋት ደጅ ማውጣት አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ እረሳለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ማጠራቀሚያዬ ወጥቶ፣ ተራግፎ፣ ተመልሶ ቦታው ቆሞ አገኘዋለሁ። ለወራት የከተማው አስተዳደር ሠራተኞች ሥራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ አዛውንቱ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው በሌላው የእኔን ማጠራቀሚያ ሲጎትቱ አየኋቸው። አመሰገንኳቸው፤ «ምንም አይደል ላቭ፣ ዛሬ ነፋሱ በርትቷል» አሉኝና ገቡ። እኔ ግን ከዚያም በኋላ በራቸውን አንኳኩቼ አላውቅም።

በክረምቱ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ቀን ሙሉ መጋረጃቸው ሳይገለጥ ዋለ። አየሁት። ማታ ከግድግዳው ወዲያ ቀስ ያለ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማሞቂያው ቧንቧ ነው ብዬ የዒሻ ሶላቴን ሰግጄ ተኛሁ። ልብ በሉ፤ በዚያው ሳምንት በተማሪዎች የሙስሊም ማኅበር ስለ ጎረቤት ሐቅ ንግግር ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ጎረቤትን ያወርሱታል ብለው እስኪያስቡ ድረስ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ጎረቤት አደራ ማለታቸውን የሚያወሳውን ሐዲስ በቃሌ አስረድቼ ነበር። ግን «እነዚህ ሰዎች ሰው ሲገባባቸው አይወዱም» የሚል ሰበብ ለራሴ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእግራቸውን ቁስል ለማሸግ የመጣችው የሰፈሩ ነርስ አንኳክታ መልስ ስታጣ ፖሊስ ጠራች። በሩ ተሰብሮ ሲገባ አዛውንቱ ማዕድ ቤት ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ። በሕይወት ነበሩ፤ አልሐምዱሊላህ። ግድግዳውን ሲመቱ የነበረው በምርኩዛቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ሥርዓቱን ለሚንቅ ሰው እነግረዋለሁ። አምቡላንሱ በደቂቃዎች ደረሰ። ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ተኝተው ዳሌያቸው ተጠገነ፤ አንድ ሳንቲም አልተጠየቁም። ከመውጣታቸው በፊት ባለሙያ መጥቶ ቤታቸውን አይቶ ደረጃውና መታጠቢያ ቤቱ ላይ መደገፊያ ብረት አስገጠመ። ከወጡ በኋላም እስኪጠነክሩ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ የምትረዳቸው ሴት በነጻ ተመደበችላቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ማንንም ሳይለምኑ፣ ለማንም ሳያጎነብሱ ነው። እኔ ፍራፍሬ ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ግን ያቺ ነርስ ባትኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ቀና ብዬ እንዳላያቸው አደረገኝ። ድምፁን ሰምቼ እንደነበር ነገርኳቸው። «ላስቸግርህ አልፈለግኩም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩን እስክለቅ ድረስ በየማታው አንኳኳ ነበር። ሻይ በወተት አፍልተው ይጠብቁኛል፤ የሚያወሩኝም ከእንግዲህ ስለ አየሩ ብቻ አልነበረም።

መዝገብ የማይችለው ነገር

የእኔ ጎረቤት ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። ብቸኝነት በብሪታንያ የመንግሥት ጉዳይ እስከመሆን ደርሷል። በ2016 የተገደሉት የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ የጀመሩትን ጥናት ተከትሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በጥር 2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾሙ። አንዳንዶቻችን ይህን ሰምተን ሳቅን። እኔ ግን ችግራቸውን በስሙ ጠርተው በአደባባይ ማመናቸውን እንደ ጥንካሬ አየዋለሁ።

ሌላም ክፍተት አለ። ሕክምናው ነጻ ቢሆንም አዛውንቶችን በቤት ወይም በመጦሪያ ለረጅም ጊዜ መንከባከብ ነጻ አይደለም። በእንግሊዝ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ጥሪት ያለው ሰው ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ ለዚህም ቤታቸውን የሚሸጡ አሉ። ድጎማ የሚያመለክት ሥራ አጥ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርሰው አምስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። በመሆኑም በ2000 በሶልዝበሪ ከተማ አንድ ብሎ የጀመረው የትረስል የምግብ ባንክ ዛሬ በመላ ሀገሪቱ ተስፋፍቷል። በ2023/24 የበጀት ዓመት ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ የምግብ እሽጎች አድሏል። ታዲያ «እዚያ ድሃ አይራብም» የሚለው ወንድማችን ይህን ማወቅ አለበት።

ልጆቻቸው ጨካኞች ስለሆኑ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ልጅ ለሥራ ርቆ ይሄዳል፤ ቤት ጠባብና ውድ ነው፤ ባልም ሚስትም ይሠራሉ። ወላጅም ልጁን ማስቸገር እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። መንግሥት ሸክሙን ሲቀበል ቀስ በቀስ ልማዱም አብሮ ሄደ። ነርስ ትመጣለች ብሎ ጎረቤት ይተኛል። እኔም የተኛሁት እንደዚሁ ነው።

ዲዋንም፣ ጀርባም

የኢስላምን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ.) ያስታውሳል። ዲዋን የሚባለውን የአበል መዝገብ የዘረጉት እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ አበል የሚሰጠው ጡት ለጣለ ሕፃን ነበር። አንድ ሌሊት ሲዘዋወሩ የልጅ ልቅሶ ሰምተው ሲጠይቁ፣ እናቲቱ አበሉን ለማግኘት ብላ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ተረዱ። በማግሥቱ አበሉ ልጅ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ እንዲሆን አወጁ። ሲለምን ላገኙት አረጋዊ አይሁዳዊም ከበይተል ማል እንዲሰጠው ማዘዛቸው ተዘግቧል።

ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ.) መዝገብ አለ ብለው አልተኙም። ልጆቿ በረሃብ ሲያለቅሱባት ድስት ጥዳ ለምታባብላቸው ሴት ዱቄቱን በጀርባቸው ተሸክመው የሄዱት ራሳቸው ናቸው። አገልጋያቸው ልሸከምልዎ ቢላቸው፣ በቂያማ ቀን ሸክሜን አንተ አትሸከምልኝም የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡት። እንግዲህ ዲዋንም ነበራቸው፣ ጀርባም ነበራቸው። ብሪታንያውያን ዲዋኑን አሳምረው ሠርተው ጀርባው ደከመባቸው። የእኛስ?

በእኛ ቤት

የእኛ አባቶችና እናቶች ጀርባው ነበራቸው። ለቅሶ ቤት የሚያድር፣ ለአራስ ገንፎ የሚወስድ፣ የታመመ የሚጠይቅ ጎረቤት ሀብታችን ነው። መዝገብ ግን የለንም። ዘካችንን አብዛኞቻችን በረመዷን ለፊታችን ለመጣ ሰው እንበትነዋለን። በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንቱ ባለመብቶች ማን ማን እንደሆኑ በየሰፈራችን ተጽፎ የተቀመጠ ነገር በብዙ ቦታ የለም። በየጁሙዓው መስጊድ በር ላይ እጁን የሚዘረጋው ያገኛል፤ አፍሮ ቤቱ የተቀመጠው አያገኝም። በሀገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ2011 ነው፤ የቀን ሠራተኛውና በጉሊት የምትተዳደረው እናት ግን ዛሬም ከልጆቻቸውና ከአላህ በቀር ጡረታ የላቸውም።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሰፈር ሲፈርስ ዕድሩም ቅሬውም ይበተናል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ የምንኖር ስንቶቻችን ነን ከፊት ለፊታችን ያለውን ቤት አባወራ ስም የምናውቀው? የእንግሊዞቹ የተዘጋ በር መጥቶልናል፤ የእንግሊዞቹ መዝገብ ግን አልመጣም። የእኔ አዛውንት ጎረቤት ወድቀው ነርስ ደረሰችላቸው። እዚህ አንዲት አሮጊት በተዘጋ በር ውስጥ ብትወድቅ የምትመጣው ነርስ የትኛዋ ናት?

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለየመስጊዱ ጀመዓ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዘካ በደብተር ይሁን። በየሰፈሩ የሚታመኑ ሦስት አራት ሰዎች ይመረጡ። የሰጪውና የተቀባዩ ስም በምስጢር ይያዝ፤ የገባውና የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን በየዓመቱ ለጀመዓው ይነበብ። እምነት የሚጠፋው ሒሳብ ሲደበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ርዳታ አያዋርድ። አላህ በሱረቱል በቀራህ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸትን ከልክሏል (2፡264)። ዘይትና ዱቄት እየሰጡ ፎቶ ማንሳት ይብቃ። ድሃው ሐቁን እንደሚወስድ ሰው ቀና ብሎ ይውሰድ።

ሦስተኛ፣ በር እናንኳኳ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ዝርዝር ይኑረን፤ ወጣቶቹም በተራ ይጎብኟቸው። ክርስቲያን ጎረቤትም ከዚህ አይወጣም። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ ሲታረድ፣ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁት ወይ እያሉ ደጋግመው መጠየቃቸው ሊረሳን አይገባም። ሱረቱ ኒሳእ 36ኛ አንቀጽም የቅርቡንና የሩቁን ጎረቤት ሁለቱንም ያነሳል።

እኔ በዚያች ሌሊት የሰማሁት ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ሰውየውን ሥርዓታቸው አተረፋቸው፤ የእኔ ሐዲስ ግን ከምላሴ አልፎ እስከ በራቸው አልሄደም። ዛሬ ማታ ከግድግዳችሁ ማዶ ድምፅ ብትሰሙ የቧንቧ ነው አትበሉ።

አላህ መዝገባችንንም ጀርባችንንም ያበርታልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።